ኮረኮንች ናፋቂዎች

በ1953 ነሐሴ ወር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆርጅታውን ከምትባል ትንሽ ከተማ 55 ጂፖች ተሰልፈው ወጡ። የተሳፈሩት 155 ሰዎች ናቸው። ወታደሮች አይደሉም፤ የሚጠብቃቸው ዘመቻም አልነበረም። የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጠው ወደ ታሆ ሐይቅ ሊወርዱ ነው። ወደዚያ ሐይቅ የሚያደርስ ደኅና አውራ ጎዳና ነበረ። እነሱ የመረጡት ግን ሩቢኮን የሚባለውን፣ የበሬ ጀርባ የሚያህል ድንጋይ እላይ በላይ የተከመረበትን፣ ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሁለት ቀን የሚፈጀውን መተላለፊያ ነው። ማርክ ስሚዝ የተባለ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ያሰናዳው ይህ ጉዞ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በጋ እንደ ክብረ በዓል የሚጠበቅ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፣ የኛ መሆናቸውን ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ሰሞን እኛ አገር ምን ይሠራ ነበር? መንግሥት በ1950 ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ፣ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቁሞ፣ ጣልያን ሠርቶት የሄደውን፣ ከጦርነቱ ወዲህ ተንከባካቢ አጥቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚበላውን መንገድ በማደስ ላይ ነበር። እንግዲህ እኛ ከኮረኮንች ለመገላገል ስንበደር፣ ባሕር ማዶ ደግሞ ኮረኮንች ፍለጋ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው ተነሥቷል ማለት ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። “ጥጋብ ነው” ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ወዳጆቼም የሚሉት ይህንኑ ነው። ታሪኩን ስከታተለው ግን ከጥጋብ ሌላ ነገር አገኘሁበት። እነዚህ ሰዎች “መንገድ የሌለበት” እያሉ የሚሄዱበት ሥፍራ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት፣ ቀደም ሲል የሌላ ሰው መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ከመኪናው እንነሣ። ጂፕ የጦርነት ልጅ ነው። በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቀላል፣ አራቱም እግሩ የሚጎትት የቅኝት መኪና ፈልጎ ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ አደረገ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ባንታም የሚባል፣ ፔንሲልቫንያ ውስጥ በኪሳራ አፋፍ ላይ ቆሞ የነበረ ትንሽ ድርጅት ነው። ካርል ፕሮብስት የተባለው መሐንዲስ ንድፉን በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ጨረሰ፤ የመጀመሪያው መኪናም በ49 ቀን ውስጥ ተሠርቶ በሴፕቴምበር 23 ቀን ለጦሩ ተረከበ። የባንታም ዕድል ግን አላማረም። ጦሩ “ፋብሪካህ ትንሽ ነው” ብሎ ትልቁን ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ሰጠ። ባንታም የቀረለት ከጂፑ ኋላ የሚሳበውን ተጎታች መሥራት ሆነ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ተሠርተዋል። ስሙ ከየት እንደመጣ እስካሁን ያከራክራል። ገሚሱ ከወታደር ቤት የፊደል ምኅጻር ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ በ1936 ፖፓይ በተባለው ባለሥዕል ተረት ውስጥ ብቅ ካለው፣ የትም ዘልቆ መግባት ከሚችለው ጂፕ ከተባለ ፍጡር ነው ይላል። ሁለተኛው ደስ ይላል።

ሰላም ሲመጣ ያ ሁሉ ብረት ምን ይሁን? ዊሊስ በ1945 ለገበሬ የሚሆን ጂፕ አውጥቶ ማረሻ ይስባል፣ ወፍጮ ያዞራል እያለ ማሻሻጥ ያዘ። ከጦሩ የተረፈውም በየአገሩ ተበተነ። እንግሊዝ አገር ሞሪስ ዊልክስ የተባለው የሮቨር ፋብሪካ መሐንዲስ በዌልስ ደሴት ላይ ባለው እርሻው የሚሠራበት ከጦሩ የተረፈ ጂፕ ነበረው። እሱ ሲያረጅ በምን ልተካው ከሚል ሐሳብ ላንድሮቨር ተወለደና በኤፕሪል 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። ጃፓኖችም በ1951 የራሳቸውን ሠሩ፤ ያ ነው በ1954 ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው።

ወደኛ የመጡት እነዚህ ሁለቱ ልጆች ናቸው። የመስክ መኪና አልናቸው። የመስክ መኪና ስንል ወባ ለማጥፋት፣ ክትባት ለማድረስ፣ መሬት ለመለካት፣ እህል ለማከፋፈል የሚወጣ ማለታችን ነው። በ1971 በተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሠራተኞቹ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር እየሄዱ አገሩን አስሰው፣ በ1976 የኢትዮጵያን የመጨረሻ ሕሙም ኦጋዴን ውስጥ አገኙ። እኔም በወጣትነቴ ለጥቂት ዓመታት በመስክ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የላንድሮቨርን ባሊስትራ ወገቤ ያውቀዋል። ጭቃ በያዘን ቁጥር ሾፌራችን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ “እንግዲህ ተራው የናንተ ነው፤ ውረዱና መኪና ሁኑ” ይለን ነበር። ከዚያ ያገሬው ሰው ተጠርቶ፣ ጠፍር ተጥሎ፣ “ሆ!” እየተባለ ይወጣል። ለሽርሽር ብሎ እዚህ ውስጥ የሚገባ ሰው አለ ብለው ቢነግሩት ያ ሾፌር ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ዝም የሚል ይመስለኛል።

ወደ ሩቢኮን እንመለስ። ያ የድንጋይ ክምር በእርግጥ መንገድ አልነበረም? ነበረ እንጂ! ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ተወላጆች ተራራውን የሚሻገሩበት የእግር መንገድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የጋሪ መንገድ ሆነ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ የማዕድን ውኃ ይፈልቃል። በ1886 አንዲት ሴት ያንን ምንጭ ገዝታ ሆቴል ሠራችበት፤ የከተማ ወይዛዝርትና መኳንንት በፈረስ ሠረገላ እየተንገጫገጩ ጠበል ሊጠጡ ይወርዱ ነበር። በ1887 የአውራጃው ሹማምንት የሕዝብ መንገድ ነው ብለው መዘገቡት። በኋላ መኪና መጣና ሌላ፣ የተሻለ መንገድ ወጣ። ሆቴሉ ቀረ፤ ጎርፉ አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን አስቀረ። ካዲላክ የሚባል ዳገት እዚያው አለ፤ ስሙን ያገኘው ከመንገድ ወጥቶ ተንከባሎ እዚያው ከዛገ አንድ ካዲላክ ነው ይባላል። እንግዲህ የ1953ቱ ጂፕ ነጂዎች የሄዱት የሞተ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ከመዝገብ አልተፋቀም፤ ያጣው መንገደኛ ብቻ ነበር።

በ2023 የእህቴ ልጅ ወዳለበት ወደ ዴንቨር ሄጄ በነበረበት ጊዜ ይህን ነገር ባይኔ ለማየት በቃሁ። የሥራ ባልደረባው የሆኑ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ጂፕ ነበራቸውና፣ ለፋሲካ ሳምንት ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሞአብ ሲወርዱ ሁለታችንንም ጋበዙን። 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእህቴ ልጅ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሄዶ ስለነበር “ጋሼ፣ ትራስ ያዝ፤ እዚህ አገር ገንዘብ ከፍለው ነው የሚንገጫገጩት” አለኝ። የነሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከኛ በአንድ ሳምንት ይቀድም ነበርና እኔ ገና ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ። በሽሮ የተፈተፈተ እንጀራ በዕቃ ቋጥሬ ሄድኩ።

ሞአብ የዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ግድም 1,300 የማይሞላ ሰው የሚኖርባት፣ በቀይ ገደል መካከል የተወሸቀች የከብት አርቢዎች መንደር ነበረች። የለወጣት ዩራኒየም ነው። የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ለቦምብ የሚሆነውን ማዕድን ሁሉ እገዛለሁ፣ ላገኘም ጉርሻ እሰጣለሁ ብሎ አስነገረ። ቻርሊ ስቲን የተባለ የቴክሳስ ሰው፣ ሥራ ያጣ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ደሳሳ ጎጆ ውስጥ አስቀምጦ በዚህ በረሃ ይቆፍር ነበር። ጨረራ መለኪያ መሣሪያ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በ1952 ሐምሌ መሰርሰሪያው ተሰበረበት። ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር ድንጋይ ጂፑ ላይ ጭኖት ነበር። ነዳጅ ማደያ ደርሶ የአንድ ወዳጁ መለኪያ ድንጋዩ ላይ ሲቀርብ መርፌው ዳር ነካ። ስቲን ሚሊዮኖች አገኘ፤ ከከተማዋ በላይ ባለው ገደል ላይ ትልቅ ቤት ሠራ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሰረ። ወሬው የተሰማ ጊዜ ግን አሜሪካ ውስጥ ጂፕና አካፋ ያለው ሁሉ ወደ ሞአብ ተመመ። በአሥር ዓመት ውስጥ የከተማዋ ሕዝብ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

መንገዶቹን የሠሩት እነዚህ ናቸው። ማዕድን ፈላጊው በየገደሉ ጥግ በቡልዶዘር እየጫረ፣ ኮሚሽኑም ለመንገድ ገንዘብ እያወጣ፣ በረሃው በመንገድ ተሸነታተረ። ሼፈር የሚባለውን ቁልቁለት ብናይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ የተወላጆቹ የእግር መንገድ ነበር፤ በኋላ የሼፈር ወንድማማቾች ከብት አወረዱበት፤ በ1950ዎቹ ዩራኒየም የሚያመላልስ ካሚዮን እንዲያልፍበት ሰፋ፤ ዛሬ በ1964 በተቋቋመው የካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎብኚ ትንፋሹን ይዞ የሚወርድበት ጠመዝማዛ ነው። እኛም ወርደናል። ሽማግሌው መሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ከታች ያለውን ጥልቅ ያሳዩን ነበር። ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ ቢያደርጉ ደስ ባለኝ!

የፋሲካውን የጂፕ ጉዞ በ1967 የጀመረው የሞአብ የንግድ ምክር ቤት ነው። የዩራኒየሙ ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ እንግዳ የሚመጣበት ነገር መፈለግ ነበረበት። መጀመሪያ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር። በ1980ዎቹ የከተማዋ የጂፕ ነጂዎች ክበብ ተረከበውና ቀስ በቀስ ወደ ዘጠኝ ቀን አስረዘመው፤ የሚያበቃው በፋሲካ እሑድ ነው። በእነዚያ ቀናት ከተማዋ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ትሆናለች። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ተሰላፊ በተመደበለት ሥፍራ ይሰበሰባል፤ ከፊት መንገድ መሪ፣ ከኋላ የተበላሸ እንዳይቀር የሚጠብቅ ይመደባል፤ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ የሚያደርጉት የጎማ ንፋስ መቀነስ ነው። ጎማው ሲላላ አለቱን እንደ መዳፍ ያቅፋል። የዚያ አገር አለት የጥንት አሸዋ ክምር ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ነው፤ “አንሸራታች አለት” ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ፈረሰኞች ናቸው፤ የፈረስ ጫማ ብረት ስለሆነ ያዳልጠዋል። ለላስቲክ ግን እንደ ሞረድ ነው። ጂፑ ቤት ጣራ በሚመስል ገደል ላይ በዝግተኛው ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ዲፈረንሻሉ ድንጋይ በመታ ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እነሱ ያጨበጭባሉ።

ፍጥነት የሚባል ነገር የለም። ይህን አልጠበቅኩም ነበር። አንድ መኪና አንድ ድንጋይ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ሌላው ሁሉ ወርዶ፣ ክሪክ ይዞ፣ ድንጋይ እያቀበለ፣ “ወደ ግራ! ትንሽ! በቃ!” ይላል። ያ የኛ “ሆ!” ማለት ነው። እንደ እድርተኛ ይተዋወቃሉ፤ ዓመት ዓመት የሚገናኙት እዚያ ብቻ የሆነ ሰዎች የሞተባቸውን ይጠያየቃሉ። በምሳ ሰዓት የማላውቃቸው ሰዎች ሥጋ የገባበት ዳቦ አቀረቡልኝ፤ ጾም መሆኑን ሽማግሌው ያስረዱልኝ እሳቸው ይጾሙ ይመስል ነበር።

ዳሩ ግን ይህ ጨዋታ ያለ ክርክር አይደለም፤ ክርክሩም ተራ አይደለም። አፈሩን ላንሣ። በዚያ በረሃ መሬቱን የሸፈነ ጥቁር ቅርፊት አለ። ሕይወት አለው፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንና የድንጋይ ሽበት ተያይዘው የሠሩት ነው። አሸዋውን ከንፋስ የሚጠብቀው፣ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ጎማ ከመንገድ ወጥቶ ቢያልፍበት ለመዳን አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ክበቡ “ከመንገድ አትውጡ” እያለ ይለፍፋል፤ ብዙኃኑም ይሰማሉ። ጥያቄው የትኛው ነው መንገድ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ሕግ ይገባል። በ1866 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በመንግሥት መሬት ላይ ሕዝብ መንገድ ማውጣት ይችላል፤ የወጣውም የሕዝብ ነው የሚል አጭር ድንጋጌ አወጣ። ምዕራቡ እንዲቀና ነበር። በ1976 ሕጉ ተሻረ፤ ከዚያ በፊት የነበረ መብት ግን እንደተጠበቀ ነው ተባለ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የጎማ ፈለግ መንገድ ነው ለማለት፣ ዩታ ውስጥ ከ1976 በፊት አሥር ዓመት ያለማቋረጥ ሕዝብ እንደሄደበት ማስረዳት ያስፈልጋል። የዩታ ክፍለ ሀገር በ2012 ከ12,000 በላይ መንገዶችን የኔ ናቸው ብሎ የፌዴራሉን መንግሥት ከሰሰ። ምስክር ማን ይሁን? አረጋውያን። ሳይሞቱ ቃላቸው ይያዝ ተብሎ ሽማግሌና አሮጊት እየተጠሩ፣ መቼ እንደሄዱ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ጉዳይ፣ በምን እንደሄዱ በመሐላ ተናገሩ። ጠበቆች የተጻፈ ማስረጃ ሲያጡ የሰው ትዝታ ላይ ወደቁ። ይህን ስሰማ የኛ የርስት ሙግት ትዝ አለኝ፤ የዛፉን፣ የወንዙን፣ የድንበሩን ድንጋይ ስም እየጠሩ የሚመሰክሩት የአገር ሽማግሌዎች።

በዚያው በሄድኩበት ዓመት፣ በሴፕቴምበር ወር፣ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ከሞአብ በስተምዕራብ ባለው ቀበሌ 317 ማይል የሚሆን የመኪና ፈለግ ዘጋ። ጂፕ ነጂዎቹ አዘኑ፤ አቤትም አሉ። የእግር ተጓዦችና ለዱር እንስሳት የሚቆረቆሩት ደግ ሆነ አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቡልዶዘር አንድ ቀን የጫረውን ሁሉ ለዘላለም መንገድ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ማዕድን ፈላጊው ራሱ አንድ ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ብዙ ነው። ሩቢኮንንና ሼፈርን የመሰለውን፣ ትውልድ ከትውልድ የተቀባበለውን መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ቢዘጋ የሚጠፋው ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ እዚያ ማን እንዳለፈ የሚያስታውስ ሰውም አብሮ ያልቃል።

እኛም ዘንድ ይህ ነገር እየመጣ ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ አሞሌ ጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ የሚወጣው የግመል መንገድ፣ አስፋልቱ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ከዘለቀ ወዲህ ሥራው ለመኪና እየተላለፈ ነው። ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት ደግሞ ጎብኚ የጫኑ ላንድክሩዘሮች ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ ሲሰለፉ ኖረዋል። የግመሉ መንገድ ሥራ ፈትቶ በድንጋይ የተሸፈነ ዕለት፣ በዚህ አልፌያለሁ ብሎ የሚመሰክር ጨው ነጋዴ የሚገኝ እንደሆነ እንጃ። መዝጋቢም አላየሁ።

በመጨረሻው ቀን፣ የነሱ ፋሲካ የኛ ሆሣዕና በሆነበት እሑድ፣ ሽማግሌው አባታቸው ዩራኒየም ይጭኑ እንደነበር ነገሩኝ። የማዕድኑን አቧራ ምንነት ያን ጊዜ የነገራቸው አልነበረም። በ1990 የወጣ አንድ ሕግ ሳንባቸው ለተጎዳ የዩራኒየም ቆፋሪዎች 100,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈል አዘዘ፤ ለጫኞቹ የተፈቀደው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። አባታቸው ያንን አልደረሱበትም። ልጅ ሆነው ጋቢና ውስጥ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው የወረዱበትን ቁልቁለት እሳቸው ዛሬ በጂፕ ይወርዱታል። “ለምን?” አልኳቸው። “ሌላ ቦታ አባቴ የት የት እንደሄደ አላውቅም” አሉኝ።

ከዚያ ከአስፋልቱ ዳር ቆመን ጎማዎቹን ንፋስ ሞላንና ወደ ዴንቨር ተነሣን። ከከተማው ሲወጡ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ዳር፣ በአጥር የተከለለ ሰፊ ቀይ ሜዳ አለ። የዩራኒየም መፍጫው የነበረበት ነው። ትቶት የሄደው መርዛም ዝቃጭ 16 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ወንዙን እንዳይበክል ከ2009 ጀምሮ በባቡር እየተጫነ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እየተቀበረ ነበር። እሑድ ስለነበረ ማንም አይሠራም። የፋሲካው ጂፖች በሙሉ፣ ጭቃቸውን እንደለበሱ፣ በዚያ አጥር ጥግ ተሰልፈው ወደየቤታቸው ይጓዙ ነበር።